ጋፋት፤ የመድፍ ማቅለጫው መንደር

በአዲስ አበባ ከተማ በቸርችል ጎዳና ሽቅብም ሆነ ቁልቁል ያለፈ ሰው በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመውን ታላቅ መድፍ ሳያይ አይቀርም። ስሙ ሴባስቶፖል ነው። በአደባባዩ የቆመው ምሳሌው እንጂ እውነተኛው እንዳልሆነ፥ እውነተኛውም በወሎ በመቅደላ አምባ ላይ ተጋድሞ እንደሚገኝ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በምን ያህል ድካም ተጎትቶ መቅደላ እንደ ደረሰም ከልጅነታችን ጀምሮ ሲነገር ሰምተናል። ነገር ግን፥ የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ ይህ 7 ቶን ያህል፥ ማለት 70 ኩንታል የሚመዝን ብረታ ብረት ተሠርቶ የተገኘ እንጂ በቅሎ የተገኘ አይደለም። ያቀለጠው እቶን፥ እቶኑን ያነደደው ከሰል፥ ከሰሉን ያናፈሰው ወናፍ፥ ወናፉንም የጨበጠው ሰው ነበረ። ይህ ጥበብ በአገራችን የተጀመረበት ስፍራ ጋፋት ይባላል። ስለ መድፉ ብዙ ተብሏል፤ እኛ ዛሬ የምንናገረው መድፉን ስላስገኘው ስለ ማቅለጫው መንደር ነው።

ጋፋት በቀድሞው አጠራር በቤጌምድር፥ በዛሬው አጠራር በደቡብ ጎንደር፥ ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎሜትር ብቻ ርቃ የምትገኝ ኮረብታ ናት። ደብረ ታቦርን የቈረቈሩት የየጁው ራስ ጉግሣ ሲሆኑ፥ ከተማይቱ እስከ ራስ ዓሊ ድረስ የዘመነ መሳፍንት እንደራሴዎች መቀመጫ ሆና ኖራለች። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ደገኛ ከተማ ናት፤ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመው የጉና ተራራም ከአጠገቧ ስለሆነ ዝናብና ጅረት አይጎድላትም። ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ከነገሡ በኋላ ደብረ ታቦርን ከዋና ዋና መቀመጫዎቻቸው አንዷ አደረጓት። የእሳት ሥራ የሚሠሩትን ሰዎች ግን ከከተማው ወጣ ባለ ኮረብታ ላይ አሰፈሩ። ቤቱ ሁሉ የሣር ክዳን በሆነበት አገር ቀንና ሌሊት የሚነድ እቶን ከሰፈር መራቁ ተገቢ ነገር ነው። ከዚህም ሌላ ለእቶን ሥራ ተዳፋት መሬት፥ በቅርብ የሚገኝ ውኃና ለከሰል የሚሆን እንጨት ያስፈልጋል።

ንጉሠ ነገሥቱ መድፍን እንዲህ አጥብቀው የፈለጉበት ምክንያት አለው። በመጋቢት 1840 ዓ.ም.፥ ገና ደጃዝማች ካሣ ሳሉ፥ በሱዳን ጠረፍ በደባርቂ ከግብጽ ጦር ጋር ገጠሙ። የሠራዊታቸው ጀግንነት የታወቀ ነበር፤ ሆኖም በምሽግ ውስጥ ሆኖ በመድፍ የሚተኩስ የሠለጠነ ጦር ሲገጥማቸው ብዙ ሰው አልቆባቸው ተመለሱ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጎራዴና ጋሻ ብቻውን አገር እንደማይጠብቅ የተረዱ ይመስላል። መሣሪያውን ከውጭ እንዳይገዙም የምጽዋ ወደብ በቱርክ እጅ ነበረ። ስለዚህ አንድ መንገድ ብቻ ቀረላቸው፤ ይኸውም መድፉን በገዛ አገራቸው ማሠራት ነው።

ሠራተኞቹ የተገኙት ከማይጠበቅ ቦታ ነው። ቀድሞ በጎንደር የሰበኩት፥ ኋላም በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ የሆኑት ሳሙኤል ጎባት፥ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው የክሪሾና ትምህርት ቤት ወንጌልንና የእጅ ሥራን አጣምረው የተማሩ ወጣቶችን ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ አሰቡ። በ1847 ዓ.ም. ክራፕፍና ፍላድ የተባሉት ሰዎች መጥተው ከአዲሱ ንጉሥ ጋር ተነጋገሩ። ንጉሡ የስብከቱን ነገር በጥንቃቄ፥ የእጅ ሥራውን ነገር ግን በደስታ ተቀበሉ። በሚቀጥለው ዓመት ፍላድ፥ ቤንደር፥ ኪንዝለንና ማየር ገቡ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ደግሞ ዋልድማየርና ዛልሙለር ተጨመሩ። ከሚሲዮኖቹ ሌላ በፖላንድ የተወለደና ከሩስያ ጦር የከዳ ሞሪትስ ሆል የሚባል ሰው፥ ቡርጎ የሚባል ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪ፥ እንዲሁም ከደጃዝማች ውቤ ዘመን ጀምሮ በአገሩ የኖረው ጀርመናዊው ሠዓሊ ዛንደር ነበሩ። ዋልድማየርና ዛልሙለር የንጉሡን የቅርብ ወዳጅ የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ሴቶች ልጆች አግብተው የአገር ሰው ሆኑ። እንግዲህ የጋፋት መንደር ማለት ይህ ነው፤ ከብዙ አገር የተሰበሰበ፥ ብዙ ቋንቋ የሚናገር፥ ባንድ ኮረብታ ላይ የሰፈረ ቤተሰብ።

ከነዚህ ሚሲዮኖች መካከል ግን መድፍ ማቅለጥን ከትምህርት ቤቱ የተማረ አልነበረም። ድንጋይ መጥረብ፥ እንጨት ማነጽ፥ ብረት መቀጥቀጥ ያውቃሉ፤ መድፍ ማፍሰስ ግን ሌላ ጥበብ ነው። ይህን ልዩነት ጥቂት ዘርዘር አድርገን ብናየው ስለ ጋፋት ያለንን አስተያየት ይለውጠዋል።

የአገራችን ባለ እጅ ብረትን ከድንጋዩ መለየት ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ከጭቃ የተሠራ ማቅለጫ አቁሞ፥ ከሰልና የብረት ድንጋይ በየተራ ደርቦ፥ ከሥሩ በወናፍ ይነፋዋል። ሆኖም በዚህ አኳኋን የሚገኘው ብረት እንደ ውኃ የሚፈስ አይደለም፤ ንጹሕ ብረት ለመፍሰስ 1,538 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋልና። ከእቶኑ የሚወጣው እንደ ሊጥ የለዘበ፥ አር የተቀላቀለበት እብጥ ነው። ቀጥቃጩ ያንን ደጋግሞ እያጋለ በመዶሻ ይመታዋል፤ አሩ እየተፈነጠረ ወጥቶ ብረቱ ብቻ ይቀራል። ማረሻው፥ ማጭዱ፥ ጦሩ የተሠራው በዚህ ዓይነት ነው። መድፍ ግን በመዶሻ አይሠራም። ነሐስ፥ ማለት መዳብ ዘጠኝ እጅ፥ ቆርቆሮ አንድ እጅ ያህል ሆኖ የተቀላቀለው፥ 1,000 ዲግሪ ገደማ ላይ እንደ ውኃ ይቀልጣል፤ ከዚያም በተዘጋጀለት ቅርጽ ውስጥ ይፈሳል። በኤውሮፓ የቤተ ክርስቲያን ደወልና መድፍ የአንድ ሰው ሥራ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው፤ በጦር ጊዜ ደወሉ መድፍ፥ በሰላም ጊዜ መድፉ ደወል ይሆናል። በእኛ ደጋ አገር በብዙ አድባራት እስከ ዛሬ የድንጋይ ደወል ተንጠልጥሎ እናያለን፤ ያም የራሱ ያማረ ድምፅ አለው፤ ነገር ግን ደወል የሚያፈስ ባለሙያ የሌለው አገር መድፍ የሚያፈስ ባለሙያም ከየት ያመጣል?

አሁን ወደ ሕንጻው እንግባ። ሕንጻ ሲባል የፋሲል ግንብ ወይም የላሊበላ ውቅር ትዝ የሚለን ሰዎች ጋፋትን ብናይ እናዝናለን። የማቅለጫ ቤት ዋና ክፍሉ ከመሬት በላይ ሳይሆን ከመሬት በታች ነው። መጀመሪያ ከመድፉ ቁመት የሚጠልቅ ጕድጓድ ይቈፈራል። ከጕድጓዱ ውጭ መድፉን የሚመስል ምሳሌ በጭቃ ይሠራል፤ በዚያም ላይ የፈረስ ፋንድያና ጠጕር የተለወሰበት ለስላሳ ሸክላ በስስ በስሱ ይለበጣል። ፋንድያው ሲቃጠል በሸክላው ውስጥ ቀጫጭን ቀዳዳ ይተዋል፤ የሙቀቱ እንፋሎት የሚወጣው በዚያ ነው። ሸክላው ሲደርቅ በብረት ቀለበት ይታሠራል፥ በእሳት ይጠበሳል፥ ምሳሌው ከውስጡ ይወጣል፥ የመድፉን አፈ ሙዝ ባዶ የሚያስቀረው ሌላ የሸክላ ግንድ በመካከሉ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ቅርጹ ወደ ጕድጓዱ ይወርዳል፤ ዙሪያው ዐፈር ተሞልቶ እንደ መቃብር ይደለደላል። እቶኑ ከጕድጓዱ አፍ ከፍ ብሎ በተዳፋቱ ላይ ይሠራል፤ የቀለጠው ነሐስ በራሱ ክብደት በቦይ ወርዶ ወደ ቅርጹ እንዲገባ ነው። ኮረብታ ለዚህ ሥራ ትልቅ ባለውለታ ነው የምንለው ስለዚህ ነው። በዚህ ላይ ዝናብ የሚከላከል የሣር ዳስ፥ የከሰል ማከማቻ፥ የእንጨት ሥራ ቤትና የሠራተኞች ጎጆ ይጨመራል።

በዚህ ሥራ ስሕተት ይቅርታ የለውም። ሸክላው ጥቂት እርጥበት ከቀረበት፥ ነሐሱ እንደ ነካው ውኃው ወደ እንፋሎት ተለውጦ ቅርጹን ያፈነዳዋል፤ በአጠገቡ የቆመውንም ሰው ይገድለዋል። ማፍሰሱ ለጥቂት ጊዜ ቢቋረጥ የመጀመሪያው ሳይጋጠም ይረጋና መድፉ በወገቡ የማይታይ ስንጥቅ ይዞ ይወጣል። እንግዲህ 70 ኩንታል ነሐስ ሲሆን፥ ያ ሁሉ ባንድ ጊዜ ቀልጦ፥ ባንድ ጊዜ መፍሰስ አለበት። አንድ እቶን ካልበቃ በሁለትና በሦስት እቶን አቅልጦ፥ ሁሉንም ባንድ ትእዛዝ መክፈት ያስፈልጋል ማለት ነው።

ንጉሡ መድፍ እንዲሠሩላቸው ባዘዙ ጊዜ ሠራተኞቹ አናውቅም አሉ። ንጉሡ ግን አናውቅም የሚለውን መልስ የሚቀበሉ ሰው አልነበሩም። ሞከሩ፤ የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ደግመው ሞከሩ፥ በመጨረሻም ተሳካላቸው። ንጉሡም እጅግ ተደስተው ሸለሟቸው። እንደ እኔ አስተያየት ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚደነቀው ስኬቱ ሳይሆን የከሸፈው ሙከራ ነው። በቤተ መንግሥት ደጅ የከሸፈ ሥራ ብዙውን ጊዜ በቅጣት ያልቃል፤ በጋፋት ግን ከክሽፈቱ ትምህርት እንዲወጣ ጊዜ ተሰጠ። በኋለኛው ዘመናቸው በቍጣ የታወቁት ንጉሥ ለእቶኑ ትዕግሥት ነበራቸው።

ጋፋት የማቅለጫ ስፍራ ብቻ አልነበረም። ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ፊደልንና የእጅ ሥራን እንዲማሩ በዚያ ተሰበሰቡ። ሠራተኞቹ ሠረገላ ሠሩ፤ ሠረገላ ደግሞ መንገድ ይፈልጋልና ደብረ ታቦርን ከጎንደር፥ ከጎጃምና ከመቅደላ ጋር የሚያገናኝ የመንገድ ሥራ ተጀመረ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከማለዳ ጀምሮ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ሲያነሡ ያዩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈውታል። ይህን ስታነቡ ልብ በሉ፤ በዚያ ዘመን ብረት የሚነካ እጅ የተናቀ ነበር። ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው ገበሬው ጠይብ፥ ቡዳ እያለ ይሸሸው ነበር፤ በጎንደርና በቤጌምድር ብረትና ሸክላ የሚሠሩት ቤተ እስራኤልም ይህንን ስድብ ከሌላው ይልቅ ተሸክመውታል። በእንዲህ ያለ አገር ንጉሥ ድንጋይ ተሸክሞ ከሠራተኛ ጋር መዋሉ ቀላል ነገር አይደለም። ስድቡን በሕግ የሚከለክል ዐዋጅ የተነገረው ግን ከአርባ ዓመት በኋላ፥ በ1900 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቅር የሚያሰኝ ነገር አለ። የዋልድማየር፥ የሆል፥ የቡርጎ ስም እየተጠራ እዚህ ደርሷል፤ እነርሱ መጽሐፍ ጽፈዋል ወይም ተጽፎላቸዋል። ከሰሉን ያከሰሉት፥ ሸክላውን የረገጡት፥ ወናፉን ያናፈሱት፥ ጕድጓዱን የቈፈሩት ኢትዮጵያውያን ግን ስማቸው ከታሪክ መጽሐፍ ገጽ አልገባም። አንድ የማቅለጫ ሥራ በጥቂት የውጭ አገር ሰዎች እጅ ብቻ አይካሄድም፤ ስለዚህ ጋፋትን የባዕዳን ሥራ አድርጎ መናገር፥ የምናየውን ስም ብቻ አይቶ ያላየነውን እጅ መርሳት ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ሥራው እንዲሰፋ ይመኙ ነበር። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶርያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ ከዚህም የተነሣ ቆንስሉ ካሜሮን በ1856 ዓ.ም. ታሰረ። ቆየት ብሎም መልእክተኛው ራሳም ሲመጣ፥ ንጉሡ በ1858 ዓ.ም. ፍላድን ወደ ለንደን ልከው ባለሙያዎችና መሣሪያዎች እንዲመጡላቸው ጠየቁ። አሁን የምነግራችሁን ጥቂት ሰው ብቻ ያስታውሰዋል፤ የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኞቹንና መሣሪያዎቹን በእውነት ሰብስቦ እስከ ምጽዋ ላካቸው። ነገር ግን እስረኞቹ አስቀድመው ካልተለቀቁ ወደ ውስጥ አይገቡም ተባለ። ንጉሡ በበኩላቸው ሠራተኞቹ አስቀድመው ካልደረሱ እስረኞቹን አለቅም አሉ። ባለሙያዎቹ ከነመሣሪያቸው በምጽዋ ሐሩር ውስጥ ወራት ቆይተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ለጋፋት የተላከው እርዳታ ከባሕሩ ዳር ሳያልፍ ቀረ፤ በኋላ በዚያው ባሕር የመጣው ጦር ሠራዊት ነው።

ያን ጊዜ አገሩ ከንጉሡ እጅ እየወጣ ነበር። አውራጃዎች ሸፈቱ፥ ሠራዊቱ ተበተነ፥ ጎንደር ተቃጠለች። ንጉሡ የጋፋትን ሠራተኞች ሳይቀር መጠራጠር ጀምረው በ1859 ዓ.ም. ወደ ደብረ ታቦር አዛወሯቸው። የጋፋት ባለሙያዎች ለዓመታት የተማሩት ጥበብ ፍጻሜ የሆነው ሴባስቶፖል የተሠራው በዚያው በ1859 ዓ.ም. ነው። ስሙ የተወሰደው በክራይሚያ ጦርነት ከተከበበው የሩስያ ምሽግ ነው። በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፥ መድፎቻቸውንና ሠራተኞቻቸውን ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ። በገደል ላይ መንገድ እየጠረቡ፥ ጅዳንና በሽሎን እየተሻገሩ፥ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሱ። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ከባሕር የመጣው የእንግሊዝ ጦር ደግሞ መድፎቹን በ44 ዝሆኖች አስጭኖ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ጦርነት ከንጉሡ ትልልቅ መድፎች አንዱ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ፤ ሌሎቹም የረባ ጕዳት አላደረሱም። በሦስተኛው ቀን፥ ሚያዝያ 6፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ። እንግሊዞች ሲመለሱ መድፎቹን ሰባበሩ፤ ሴባስቶፖል ግን ከግዝፈቱ የተነሣ በአምባው ላይ ቀረ።

ሠራተኞቹ ከነቤተሰባቸው ከጦሩ ጋር ወጡ። ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄዶ በብሩማና ትምህርት ቤት፥ ኋላም ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። ሞሪትስ ሆል በያፋ ኖረ፤ የታወቀው የሲኒማ ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የልጁ የልጅ ልጅ ነው። በጋፋት ግን እቶኑን ዳግመኛ የሚያነድድ አልተገኘም። አንድ ትልቅ ሥራ በአንድ ሰው ፈቃድ ብቻ ቆሞ ሲኖር፥ ሰውየው ሲወድቅ ምን እንደሚሆን ጋፋት አሳይታለች፤ ንጉሡ ከደብረ ታቦር በተነሡ ጊዜ ጥበቡ ከሠረገላው ጋር ተጭኖ ሄደ፥ በኮረብታው ላይ የቀረው ጕድጓዱና ጭቃው ነው።

ታዲያ ዛሬ ከጋፋት ምን ይጠበቃል? ቆሞ የሚደነቅ ግንብ የለም። አንዳንዱም ይህን አይቶ፥ ምን አለና ይጠበቃል ይላል። በእንግሊዝ አገር ኮልብሩክዴል የሚባል የገጠር መንደር አለ። እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1709 አብርሃም ዳርቢ በድንጋይ ከሰል ኮክ ብረት ያቀለጠው በዚያ ነው። ያ እቶን ለብዙ ዘመን ከዐፈር ሥር ተቀብሮ ከኖረ በኋላ ተቈፍሮ ወጣ፤ ዛሬ ልዩ መጠለያ ተሠርቶለት ከመላው ዓለም የመጣ ሰው ይጐበኘዋል። እቶኑ ቢታይ የተቃጠለ ጡብና ድንጋይ ብቻ ነው፤ ውበት ይገኝበታል ለማለት ያስቸግራል። ሆኖም ሥራው የት ቦታ፥ በምን ዓይነት እንደ ተሠራ የሚያስረዳ ስለሆነ ይከበራል።

በእኛም በኩል ስሙ አልተረሳም፤ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን ጋፋት ብሎ ሰይሞታል፤ ይህ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ስም በበር ላይ ሲጻፍ፥ ስሙ የወጣበት መሬት ደግሞ በማረሻ እየተገለበጠ፥ ድንጋዩም ለአጥር እየተለቀመ ከሄደ ምን ይተርፋል? የማቅለጫ ቅርስ እንደ መስቀልና እንደ ብራና በእጅ የሚያዝ አይደለም። በእሳት የቀላ ዐፈር፥ የተሰበረ የሸክላ ቅርጽ፥ የወናፍ አፍ፥ የከሰል ድቃቂ፥ እንደ ጥቁር መስታወት የሚያብረቀርቅ የብረት አር ነው። ለማያውቀው ሰው ከቆሻሻ አይለይም። ለሚያውቀው ግን ከአንዲት የአር ስባሪ የእቶኑ ሙቀት ስንት ዲግሪ እንደ ደረሰ፥ ከምን ዓይነት ማዕድን እንደ ወጣች ይነበባል፤ ከከሰሉም የዛፉ ዓይነት፥ ከሸክላውም ጭቃው ከየትኛው ጅረት እንደ መጣ ይታወቃል። ይህ ሁሉ የሚነበበው ግን ስባሪዋ በወደቀችበት ቦታ ከተገኘች ብቻ ነው፤ ተነሥታ ለመታሰቢያ በኪስ የተያዘች ቀን ጥቁር ድንጋይ ትሆናለች። ስለዚህ ወደ ደብረ ታቦር የምትሄዱ አንባቢዎች፥ ወደ ኮረብታው ውጡ፥ ልጆቻችሁንም ውሰዱ፥ ተዳፋቱን፥ ጅረቱንና ወደ ከተማው የሚወርደውን መንገድ አሳዩአቸው፤ ያያችሁትን የእሳት ስባሪ ግን በወደቀበት ተዉት።